ቦት ጫማ ያደረጉ ሽማግሌዎች

በቴክሳስ፣ በዳላስ ዙሪያ፣ ከጋርላንድ እስከ ፕሌኖ ካሉት አበሾች ውስጥ ሽማግሌው መዝገቡ ያላጋባው ሰው ካለ፣ ወይ ፈረንጅ አግብቷል ወይ ገና አላገባም። እንጀራው ሌላ ነው፤ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸውን አረጋውያን በቫን ያመላልሳል። ሽምግልናው ግን ጥሪው ነው። ሴት ልጅ የምትጠየቅበት ቤት ሲኖር መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ግራጫ ሱፉን ይለብስና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሰው ሳሎን መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ተቀመጡ» ሲባል፣ «ለቁም ነገር ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። ያኔ የልጅቷ አባት ጉልበቱ ይብረከረካል። እንዲህ የሚለው ራሱ መዝገቡ ነው፤ አባቶቹን የጠየቀ ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት ቆሞ ሲለምን የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሌላው ቆሞ ሲለምነው ማየት አማረው። ግን ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሶልያና። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከቤት እየተመላለሰች ሪቻርድሰን ካለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ስለ ባል ቀርቶ ስለ ቦይፍሬንድ አንስታ አታውቅም። እስከዚያው መዝገቡ ጢሙን ሲላጭ መስታወት ፊት ይለማመዳል። «ሰምተናል። ከቤተ ዘመድ ጋር እንመካከርበታለን። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።» አንድ ጠዋት ሚስቱ ዓለምጌጥ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ማንን ነው የምትመልሰው?»

«የሚመጣውን።»

«የሚመጣው አይቶህ እንዳይሸሽ መጀመሪያ ሳሙናውን ጥረገው» ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች። ዓለምጌጥ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ነገር አታበዛም፣ ያለችውን ግን ሰው አይረሳውም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? በዚያው በመስከረም፣ አንድ ሐሙስ እራት ላይ፣ ሶልያና ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ሶ... አንድ ነገር ልንገርህ። ፍሪክ አውት እንዳታደርግ።»

«እንዳታደርግ ካልሽኝማ ጀምሬያለሁ።»

«ሶሮሪቲ ልገባ ነው። ማለቴ፣ ገና አልገባሁም። ቹዝ አድርገውኛል። እስከ መንዴይ የስ ማለት አለብኝ።»

ሶሮሪቲ የሚሉት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው። ወንዶቹም የየራሳቸው አላቸው። በግሪክ ፊደል ይጠራሉ፣ ማን እንደሚገባ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፣ የገባችውን «እህቴ» ይሏታል፤ ከነባሮቹም አንዷ ታላቅ እህት ሆና ትሰጣታለች። አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ይበዛል።

መዝገቡ ግን ስለዚህ ነገር የሚያውቀው ሁሉ ከዩቲዩብ የመጣ ነበር። አንድ ጎረምሳ በጓደኞቹ እጅ ተዘቅዝቆ ቢራ ሲጋት አይቷል። ደረታቸውን ቀለም የተቀቡ ልጆች በውድቅት ሲጮኹ አይቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ወዲያው ምርመራውን ጀመረ።

«ቢራ ተዘቅዝቀው የሚጠጡት እነሱ አይደሉም?»

«አባዬ! እነሱ ወንዶቹ ናቸው፣ ፍራተርኒቲ። እኛ ገርልስ ነን።»

«ጎረቤት ናቸዋ! እሺ፣ ሻማ ይበራል?»

«ትንሽ።»

«መሐላ አለ?»

«መሐላ አይደለም፣ ፕሮሚስ ነው።»

«ለሰው ይነገራል?»

«ኖ... ሲክሬት ነው።»

«ዓለምጌጥ፣ እየሰማሽ ነው? ሻማ! መሐላ! ምስጢር!»

ዓለምጌጥ ሰላጣ እየጨመረች፣ «የእናንተ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባስ ምስጢር አይደለም እንዴ? የቀራችሁ ሻማው ነው» አለች።

ወንድ ልጅ ነገር ሲጠፋው ወግ ይጠራል። መዝገቡም ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሚኝ ሶልዬ። ሚስትም ትሁን እህት፣ ልጅ ከዚህ ቤት የምትወጣው በወግ ተጠይቃ ነው። ከፈለጉሽ ሽማግሌ ይላኩ!»

ነገሩን የተናገረው በሩን ለመዝጋት ነበር። የፈረንጅ ኮረዶች ሽማግሌ ከየት ያመጣሉ? ሶልያና አልተከራከረችም፣ ሳህኗን አንስታ ወጣች። መዝገቡ ያንን ዝምታ እሺታ ነው ብሎ በሰላም ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶልያና ጋራዥ ድረስ መጣች። «አባዬ፣ ቱ ኦክሎክ ላይ ይመጣሉ።»

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ።»

መዝገቡ ተቆጣ። ቀልድ አታውቂም ወይ አለ፣ ቤቴ መጫወቻ ነው ወይ አለ፣ እየተቆጣም ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሲወጣ ግራጫ ሱፉን ለብሶ ነበር።

በቀጠሮው ሰዓት ሦስት ልጆች በሩን አንኳኩ። ሦስቱም ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በሪባን አስረዋል፣ እግራቸው ላይ ደግሞ የላም ጠባቂ ቦት ጫማ አድርገዋል። ፊት ፊት የምትሄደው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ብሬሊን ናት፤ ቁመቷ የበር መቃን ያህላል፣ በሁለት እጇ ፒካን ፓይ የሚሉትን የቴክሳስ ጣፋጭ ኬክ ይዛለች። ቀጥላ የፎርት ወርዟ ኪያ አለች፤ የሶልያና ታላቅ እህት እንድትሆን የታጨችው እሷ ናት። ሦስተኛዋ ፓዩ እንዳይወድቅ የመጣች ይመስል ዓይኗን ከሳህኑ አልነቀለችም።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ» አለ መዝገቡ በእንግሊዝኛ።

ብሬሊን አልተቀመጠችም። «ኖ፣ ሰር። ለቁም ነገር ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

መዝገቡ ልቡ ቀለጠ። ሶልያና ማታውኑ አስጠንታቸው ኖሯል፤ አባቷ በስልክ ሲለው የሰማችውን፣ የምታውቀውን ያህል። ያ ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ ወደ እሱ ሲመጣ ይኸው የመጀመሪያው ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እያለ ሲያማ የኖረ ሰው ደግሞ የቴክሳስ ልጆች በየዓረፍተ ነገሩ «ሰር» እንደሚሉ ዘንግቶ ነበር። ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ እግሩን አነባበረ።

«የማን ልጆች ናችሁ?»

ብሬሊን ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ልጅ ናት። እናቷም አያቷም የዚሁ ማኅበር እህቶች ነበሩ። «ሦስት ትውልድ» አለ መዝገቡ፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ የጨረሰ ያህል ራሱን እየነቀነቀ። የኪያ እናት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ትመራለች። ይህንንም ወደደው። ሦስተኛዋን ምንም አልጠየቃትም፤ ፓዩን በደንብ ትጠብቃለች።

«የኔን ልጅ ለምን መረጣችኋት? በግቢው ስንት ልጅ አለ።»

መልሱን የሰጠችው ኪያ ናት። «ሰር፣ ልጆቹን ለመምረጥ ስንገናኝ ሁሉም የሚያወራው ስለ ራሱ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስቀበል ውዬ ደክሞኝ ነበር። ልጅዎ መጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹ምሳ በልተሻል?› አለችኝ። ያን ቀን የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ እህቴ እንድትሆን ፈለግሁ።»

ዓለምጌጥ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያም ባሏን «በል እንግዲህ» በሚል ዓይን አየችው። ሶልያናም ከእናቷ ኋላ ቆማ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ እሺ ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። የሚለውም እሺ ነበር፤ ልጆቹን ወዷቸዋል፣ ሻማውን ራሱ ረስቶታል። ግን ስንት ዓመት መስታወት ፊት የተለማመደው ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ሰምተናል» አለ። «ከቤተ ዘመድ ጋር እንመካከርበታለን። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

ልጆቹ ተያዩ። ብሬሊን ቀስ ብላ፣ «ሰር፣ መልሱ የሚዘጋው ሰኞ ነው» አለች።

«ቁም ነገር በሰኞ አይዘጋም» አለ መዝገቡ በኩራት።

ፓዩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ብሬሊን «ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን፣ ሰር» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሦስተኛዋ ልጅ መኪናው ጋ ሳትደርስ ማልቀስ ጀመረች። መዝገቡ ክብሩ ነክቷቸው ነው ብሎ እጁን እያውለበለበ ሸኛቸው። በሩን ዘግቶ፣ መዳፎቹን እያሻሸ ዞረ።

«እንዴት ነበርኩ?»

ሳሎኑ ውስጥ ዓለምጌጥ ብቻዋን ቆማለች። ሶልያና የለችም።

«ጥሩ ነበርክ» አለችው ዓለምጌጥ። «ልጅህን አስባረርካት።»

«ምን ማለትሽ ነው? እሺ ነው እኮ ያልኩት! በመጀመሪያ ቀን ‹ውሰዷት› የሚል አባት የት አገር ነው ያለው? ልጅቷ ቤት ውስጥ የተረፈች አያስመስላትም?»

«እኔማ አውቀዋለሁ። እሷ በየት በኩል ታውቀው? አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አስረድተሃታል? እናንተ ወንዶቹ ሳሎን ስትገቡ እኛንና ልጆቹን ወደ ኩሽና ነው የምትነዱን። የሰማችው በር ላይ የሚባለውን ነው፤ መጨረሻውን ማን ነገራት? ለእሷም ለእነሱም ‹ተመለሱ› ማለት እምቢ ማለት ነው።»

መዝገቡ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት በየሰርጉ ሲተርተው ኖሯል፤ የተተረተው ለእሱ መሆኑን ማን ነግሮት።

ሶልያናን ያገኛት ድራይቭዌዩ ላይ ፓርክ ባደረገችው አሮጌ መኪናዋ ውስጥ ነው። ሞተሩ አልተነሳም። መስኮቱን አንኳኩቶ በሌላው በኩል ገባና ተቀመጠ። እግሩ ሥር አንድ ነገር ተንኳኳ፤ የምሳ ዕቃ ነው። በሩ ኪስ ውስጥ ሹካ በናፕኪን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ከፊቱ ባለችው የዕቃ ሳጥን ላይ ትንሽ ፎጣ ተነጥፋለች፣ ጨው እንኳ ሳይቀር አለ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? መኪና ውስጥ ነው እንዴ የምትበይው?»

«ምሳዬን ነው። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ።»

«ለምን? ካፌ የለም?»

«አለ።» ዓይኗን ከመሪው ላይ አላነሳችም። «ግን ሁሉም ሰው ከሰው ጋር ነው ሚበላው። እኔ ክላስ ጨርሼ ወደ ቤት ነው ምመጣው፣ ማንንም አላውቅም። ብቻዬን ቁጭ ስል ያዩኛል። እዚህ ማንም አያየኝም። ሶ... ኢትስ ፋይን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፈርስት ይር።»

መዝገቡ በቫኑ ከሚያመላልሳቸው አረጋውያን ማን ብቻውን እንደሚበላ፣ የማን ልጅ ስንት ጊዜ እንደሚደውል ጠንቅቆ ያውቃል፤ «ምን ዓይነት ልጆች ናቸው!» እያለም ያማቸዋል። የገዛ ልጁ ዓመት ሙሉ ከመኪና ውስጥ ምሳ ስትበላ ግን አላወቀም። ማታ ማታ «ምሳ በላሽ?» ይላታል፣ «በላሁ» ትለዋለች፤ ከማን ጋር ብሎ ጠይቋት አያውቅም። አፈረ። ዓለምጌጥ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ እንዳስወረዳት፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ አንዲት ብቻ ትሁን ብለው እንደተቀበሉት ትዝ አለው። እህት ልትሰጣት የመጣችውን ልጅ በገዛ እጁ ነው የመለሳት።

«ሶልዬ፣ ተመለሱ ማለት እሺ ማለት ነው እኮ። ወጉ እንደዚህ ነው።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። «አባዬ! ያ ሴንስ አይሰጥም! ብሬሊን ቴክስት አድርጋለች። የፋሚሊሽን ውሳኔ ሪስፔክት እናደርጋለን ብላለች። ቦታዬን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል።»

መዝገቡ ከመኪናው ወርዶ ስልኩን አወጣና በሕይወቱ የሚያውቀውን አንድ መላ ያዘ። ሽማግሌ መሰብሰብ ጀመረ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ተሻገርንና ነጋን ቫኑ ላይ ጫነ። ጋሽ ተሻገር ጡረታ የወጡ፣ ከዘራ የሚይዙ፣ ጸሎት ከጀመሩ ሩዝ የሚቀዘቅዝባቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ነጋ ወደ ሽምግልና የሚወሰደው ሦስት ለመሙላት ነው፤ በደንብ ራሱን ይነቀንቃል። ሶልያና ላይብረሪ እሄዳለሁ ብላ በራሷ መኪና ቀድማ ወጥታለች። ወዴት እንደሚሄድ የነገረው ለዓለምጌጥ ብቻ ነበር።

ሀይዌይ ላይ ሲወጡ ጋሽ ተሻገር ጠየቁ። «ልጁ የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ አይደለም ጋሼ። ሴቶች ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ወደ ስልሳ።»

«ጌታ ኢየሱስ!» አሉ ጋሽ ተሻገር። ከዚያ በኋላ ሪቻርድሰን እስኪደርሱ መዝገቡ አስረዳቸው፤ እሳቸው ግን የገባቸው ልጅቷ ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ የነገራቸው ጊዜ ብቻ ነው። «ይህንንማ መጀመሪያ አትናገርም!» ብለው ተቆጡና ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ።

ብሬሊንና ሌሎች እህቶች የተከራዩት ታውንሃውስ የሚሉት ባለ ፎቅ ቤት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ነው። ሣሩ ላይ የጎረቤት ፍራተርኒቲ ልጆች ሸሚዛቸውን አውልቀው ኳስ ይወራወራሉ። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች ሲያዩ ኳሱን አቁመው ኮፍያቸውን አነሱ፤ አንዱም ሸሚዙን ፈልጎ ለበሰ። መዝገቡ ተዘቅዝቆ የሚጠጣ አላየም፤ ቢያይም ያን ቀን እንዳላየ ያልፍ ይሆን? እርግጠኛ አልነበረም።

በሩን ብሬሊን ከፈተች። ቤቱ በልጆች ተሞልቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ተደርድሯል፣ ዶሮ ይሸታል። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«ኑ፣ ግቡ፣ ሰር። ተቀመጡ።»

«ለቁም ነገር ነው የመጣነው» አለ መዝገቡ። «ጉዳያችን ሳይሰማ...» ድምፁ ከዳው። ይህን ቃል ስንት ቤት ብሎታል፤ ሲለው ግን ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ልጅ ነበር። እምቢ ቢሉት መኪናውን አስነስቶ ራቱን በልቶ ይተኛል። አሁን ጉልበቱ ይብረከረካል፣ ለካ የሚብረከረከው የሚለምነው ነው። «...ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ነጋ ራሱን ነቀነቀ።

«አንዲት ልጅ አለችን» አለ መዝገቡ። «እህት ልንሰጣት ፈልገን ነበር፤ እግዚአብሔር አልፈቀደም። ትናንት እናንተ ልትሰጧት ብላችሁ ቤቴ ድረስ መጣችሁ። አክብራችሁኝ ቆማችሁ ጠየቃችሁኝ። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው መሆኔ ደስ ብሎኝ መለስኳችሁ። በአገራችን ወግ ተመለሱ ማለት እሺ ማለት ነው፤ ግን ያንን ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ቦታዋን ለሌላ ካልሰጣችሁት፣ እህት ሁኑልን ብለን ልንለምናችሁ መጥተናል።»

ብሬሊን ወደ ኪያ ዞረች። ኪያ ወደ ፊት ወጣች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ከፎርት ወርዝ በቀጥታ በመጣ አማርኛ እንዲህ አለች፦

«ሰምተናል። ከቤተ ዘመድ ጋር... እንመካከርበታለን። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

የመዝገቡ ፊት ወደቀ። በዳላስና በፎርት ወርዝ ወጉን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በዚያች ሰዓት ግን ጥሎት ጠፋ። የሰማው እምቢታ ብቻ ነበር። «እሺ... ገባኝ» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ኮቱን ሰብስቦ ወደ በሩ ዞረ።

ጋሽ ተሻገር በከዘራቸው እጀታ ክንዱን ያዙት። «አንተ ሰው! ወዴት ነው የምትሄደው? እሺ እኮ ነው ያሉህ!»

ደረጃው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ከላይ ታጉረው ሲያዳምጡ የነበሩ ልጆች እየተጋፉ ወረዱ፤ በመካከላቸው ሶልያና አለች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ላይብረሪ የለም። ለእሷ የደወለችው፣ ወጉን እስከ መጨረሻው ያስረዳቻት፣ ለኪያም እያንዳንዱን ቃል በስልክ ያስጠናቻት ዓለምጌጥ ነበረች። ከልጅ ጋር አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ይባላል፤ ከሚስት ጋር ስለሚጫወት ግን አባቶች ምንም አላሉም።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኪያ ለሦስቱም ሳህን እያመጣች በየተራ «ምሳ በልታችኋል?» አለቻቸው፣ ይህንንም በአማርኛ። ጋሽ ተሻገር ሊጸልዩ ተነሱ፤ ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ማንም ቅር አላለውም። መዝገቡ ግን ዶሮውን አልነካም። ከጠረጴዛው ማዶ ሶልያና በኪያና በብሬሊን መካከል ተጣብቃ ተቀምጣ፣ አፏ ሞልቶ እያወራች ትበላ ነበር። ሁሉም ያያታል። እሷም እንዲያዩዋት ትታቸዋለች።

«ብላ እንጂ» አለው ነጋ፣ በዚያ ቀን የተናገረው ብቸኛ ቃል ነው።

«በልቻለሁ» አለ መዝገቡ።